የተያዘ አልጋ

እናቴ ሥራዋን የምትሠራው ተኝታ ነው። እንዲህ ስል ትቆጣለች፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ክረምቱ ሊያልቅ፣ ዩኒቨርሲቲው ሊከፈት ሲል የሴቶች ማደሪያውን ቁልፎች በትልቅ ቀለበት አንጠልጥላ ትነሣለች። ከምድር ቤት ጀምራ በየክፍሉ ትገባለች፣ ጫማዋን ታወልቃለች፣ በየአልጋው ላይ በጀርባዋ ትጋደማለች። ሌሎቹ ፕሮክተሮች በር ላይ ቆመው «አልጋ አለ፣ ፍራሽ አለ፣ ሎከር አለ» ብለው ያልፋሉ። እሷ ግን ሰው ሳይተኛበት የአልጋ ጠባይ አይታወቅም ባይ ናት። ጣሪያው የሚያፈሰው የት ጋ እንደሆነ፣ የትኛው ጣውላ ጎን እንደሚወጋ፣ በመስኮቱ የሚገባው ንፋስ ፊት ላይ ይሁን እግር ላይ የሚያርፈው፣ ሁሉን ከዚያ ሆና ትደርስበታለች። የላይኛውን አልጋ እንኳ አትተውም። ያን ሰውነቷን ይዛ በቀጭኗ የብረት መሰላል ስትወጣ የምሳቀቀው እኔ ነኝ።

ብዙ ጊዜ ደግሞ እዚያው እንቅልፍ ይወስዳታል።

ስትነሣ ከተኛችበት ሳይሆን ከመንገድ የመጣች ነው የምትመስለው። «የዚህ አልጋ ልጅ ረጅም ናት» ትለኛለች። «እግሯ ከብረቱ ያልፋል፤ ካልሲ ያስፈልጋታል።» ሌላው ክፍል ገብታ ደግሞ «ይቺ በእንቅልፏ ታወራለች፤ ከላይ የምትተኛዋ መከራዋን ልታይ ነው» ትላለች። ተማሪዎቹ ሲመጡ ሕልሟ ይድረስ አይድረስ ተከታትላ አታውቅም። ገና አውቶቡስ ላይ ላልወጣች፣ ስሟ ለማይታወቅ ልጅ እንዲህ የሚሳሳ ሰው ግን ከእሷ ሌላ አላየሁም።

መሰናዶ የጨረስኩበት ክረምት ነበር። ዩኒቨርሲቲያችን ራሱ ገና ልጅ ነው፤ ግማሹ ግቢ ሕንጻ፣ ግማሹ ጭቃና የአሸዋ ክምር ነው። አባቴ በሕፃንነቴ ስለ ሞተ፣ ወንድም እኅትም ስለሌለኝ፣ ቤታችን ውስጥ እሷና እኔ ብቻ ነን። የእሷ ስም እታፈራሁ ነው፤ የኔ ቃለሕይወት። አዬ ነው የምላት፤ በወላይትኛ ልጅ እናቱን እንደዚያ ይጠራል። ፈተናዬን ጨርሼ እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ አብሬያት ወደ ማደሪያው መሄድ ጀመርኩ።

ያ ባዶ ሕንጻ እስከ ዛሬ በዓይኔ ይሄዳል። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከዳሞታ ተራራ ይወርድና በተከፈቱት መስኮቶች ገብቶ ኮሪደሩን ይሞላዋል። አንዱ ጫፍ ላይ ቆሜ ሌላውን ጫፍ አላየውም። ቦሼ የምትባለው የጽዳት ሠራተኛ ወለሉን በበረኪና እያጠበች የምትዘምረው መዝሙር ይሰማኛል፤ ቦሼ ራሷ ግን አትታይም። በሮቹ ሁሉ ገርበብ ብለዋል። በየክፍሉ የማንም ያልሆነ ሎከር፣ የማንም ያልሆነ ወንበር፣ አንዲት ያለፈ ዓመት ተማሪ ግድግዳ ላይ ለጥፋ የሄደችው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ አለ። አንዳንዴ ሕንጻው ባዶ ሳይሆን የተኛ ይመስለኝ ነበር፤ ሳላስበው በእግሬ ጣት እሄዳለሁ።

ፀሐይ ብልጭ ስትል ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ሦስታችንም ፍራሾቹን እየተሸከምን ወደ ሣሩ እንሮጣለን፤ አስጥተናቸው ሳንጨርስ ይዳምናል፤ መልሰን እንሮጣለን። ቦሼ አማርኛ ስትናገር ወንድና ሴት አትለይም። «ቃሌ፣ ፀሐይ ሄዷል፣ እናትሽም ተኝቷል፣ እኔና አንቺ ብቻ ቀረን» ትለኝና ትስቃለች።

የምደባው ውጤት የወጣው በዚህ መሐል ነው። ኢንተርኔት ቤት ሄጄ አየሁ፤ ሐረማያ ደርሶኛል። በደስታ እግሬ መሬት አልነካ አለ። ሐረማያን መርጬ የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ለአዬ ግን አልነገርኳትም ነበር። እሷ ክረምቱን ሙሉ እዚሁ ከተማችን ሶዶ እንዲደርሰኝ ስትጸልይ ነው የከረመችው። ስነግራት ትራስ እያራገፈች ነበር። ማራገፏን ቀጠለች።

«እናያለን» አለች።

ምን የሚታይ ነገር እንዳለ አልገባኝም። የሰው ልጅ ሁሉ ሻንጣውን ተሸክሞ ከየአገሩ እናቴ ወደምትጠብቅበት በር ይመጣል፤ የራሷ ልጅ ደግሞ በዚያው በር ወጥታ ትሄዳለች። ነገሩ ይኸው ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በመጨረሻው ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል አንድ የታችኛው አልጋ አለ። ከሕንጻው አልጋ ሁሉ እሱን የሚያህል የለም። አንዱ ጎኑ ግድግዳ ነው፤ ሌላው ወደ መስኮቱ ያያል፤ መስኮቱን የሚሞላው ዳሞታ ነው። አንድ ቀን ስገባ ጣውላዎቹ የሉም፤ የብረቱ አጽም ብቻ ቀርቷል። ራስጌው ላይ በጠመኔ «ተሰብሯል» ተብሎ ተጽፏል። የእናቴ እጅ ጽሕፈት ነው። አዝኜ አለፍኩት።

ከዚያ በኋላ መጥረጊያ ፍለጋ ፕሮክተሮች የሚቀመጡባት ጠባብ ክፍል ስገባ ጣውላዎቹን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አገኘኋቸው። አንዱም አልተሰበረም። በገመድ ተጠርዘው፣ አዲስ አንሶላ ተጠቅልሎባቸው ነበር። አንሶላው ሮዝ አበባ ያለበት ነው፤ ገበያ ስንሄድ እኔ ወድጄ የዳበስኩት፣ እሷ «ውድ ነው» ብላ እጄን የጎተተችበት።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሳላስበው ጣውላዎቹን ተሸክሜ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ደረደርኳቸው። ፍራሽ ጣልኩ፣ አንሶላውን አነጠፍኩና እንደ እናቴ ጫማዬን አውልቄ በጀርባዬ ተጋደምኩ።

እንቅልፍ ወሰደኝ። በሕልሜ በዚያው አልጋ ላይ ነኝ፤ ተማሪ ሆኛለሁ። ጠዋት ነው፣ ከዚያ ማታ ነው፣ ከዚያ ተመርቄያለሁ፤ ዳሞታ ግን ከመስኮቱ አልተነቃነቀም። አዬ በር ከፍታ ትገባለች፤ በሳህን ቆጮ በዳታ በርበሬ ይዛልኛለች፤ ታጎርሰኛለች። ጋቢ ታለብሰኛለች። እንደገና ትገባለች፣ እንደገና ታጎርሰኛለች። ፀጉሯ በገባች ቁጥር ይሸብታል፤ እኔ ከአልጋው አልወርድም። ማንም አልያዘኝም፤ ስለሞቀኝ ብቻ ነው የማልወርደው።

ስነቃ ጉሙ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ነበር። ፈራሁ። ሕልሙ ክፉ ቢሆን ኖሮ ባልፈራሁ፤ የፈራሁት ደስ ስላለኝ ነው።

ወርጄ አገኘኋት። ቁልፎቹን በየቁጥራቸው እያሰረች ነበር።

«አዬ፣ ያ አልጋ አልተሰበረም» አልኳት።

«ማን ተሰበረ አለሽ?»

«በጠመኔ የጻፍሽው አንቺ ነሽ።»

«እሱ ለሌላ ሰው የተጻፈ ነው። ላንቺ አይደለም።»

ከዚያ ቁልፎቹን አስቀምጣ ነገረችኝ። ከጋሽ ሚልክያስ ጋር ተነጋግራለች። ጋሽ ሚልክያስ የማደሪያ አገልግሎቱ ኃላፊ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያንም አብረን ነን። የሠራተኛ ልጅ ናት፣ ለእናቷ አንድ ናት፣ የዝውውር ማመልከቻ ታስገባና እኔ ሬጅስትራር ጋ እናገርላታለሁ ብለዋታል። ዘንድሮ የጠበበው አልጋ ነው፤ አልጋ ያገኘች ልጅ ሌላው አይቸግራትም ብለዋል።

«አልጋ ደግሞ አለ» አለች እናቴ።

«እኔ ሐረማያ ነው የምሄደው።»

«ሐረማያ ምን አለ?»

ተንተባተብኩ። «ሐይቅ ነበረው።»

«ነበረው?»

«አሁን ደርቋል ይባላል።»

«የደረቀ ሐይቅ ልታዪ ነው እኔን ጥለሽ የምትሄጂው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እንስቅ ነበር። የልቤን ልነግራት ሞከርኩ። ሶዶ ውስጥ በሄድኩበት ሁሉ የእታፈራሁ ልጅ ነኝ። ዳቦ ቤት፣ መናኸሪያ፣ መዘምራን ቡድን፣ ኦቶና ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሳይቀር «የእታፈራሁ ልጅ፣ ነይ በዚህ በኩል» ይሉኛል። ደስ ይላል፤ አይደብርም። ግን አንድ ጊዜ ማንም የማያውቀኝ ቦታ ቆሜ ራሴን ማየት ፈለግሁ። በአፌ ስናገረው እሷን የጠላሁ መሰለብኝ።

እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ «እንግዲያው ሂጂ» አለች። «እጄን ጭኜ ግን አልጸልይልሽም።»

ይህ ለሌላ ሰው ተራ ነገር ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን ያለ እናቴ እጅ ከቤት ርቄ አላውቅም። ለፈተና ስወጣ፣ ለመዝሙር ጉባኤ ዱቦ ስንሄድ፣ ኦቶና ቶንሲሌን ላስወጣ ስገባ፣ መዳፏን ጭንቅላቴ ላይ ጭና ዓይኗን ትጨፍናለች። የእጇ ክብደት አናቴ ላይ ሆኖ ነው የምሄደው። ያለዚያ አውቶቡስ ላይ ብወጣ መንገዱ ራሱ የሚያውቅብኝ መሰለኝ። ጓደኞቼ «ዝም ብለሽ ሂጂ፣ በስልክ ትታረቃላችሁ» አሉኝ። አልቻልኩም። እሷም እንደማልችል ስለምታውቅ ነው እንደዚያ ያለችው፤ በዚህ ተናደድኩባት።

ጣውላዎቹን መልሼ አወረድኩ። ከዚያ በኋላ የምንነጋገረው ስለ ፍራሽና ስለ መጥረጊያ ብቻ ሆነ።

የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ጊፋታ፣ እየደረሰ ነበር። ከቦዲቲ በኩል የሚነዱ ሰንጋዎች አስፋልቱን ሞልተውታል፤ ሴቶቹ ቅቤ ይዘው ይመጣሉ፤ ከተማው ሁሉ ተጣድፏል። እኛ ጋ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ አዲሱን ዓመት አይሻገርም። ቦሼ የእኔንና የእናቴን ፊት እያየች ስትብሰለሰል ከረመችና አንድ ቀን መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ መሐላችን ቆመች።

«ጊፋታ ሊገባ ነው። ታረቁ» አለች።

«አልተጣላንም እኮ» አለች እናቴ።

«ታዲያ ምን ሆናችሁ?»

«ዝም ተባባልን። ዝምታ ምን እርቅ አለው?»

ቦሼ መጥረጊያዋን አንሥታ ሄደች። የዚያን ቀን መዝሙር አልሰማሁም።

አዲሶቹ ተማሪዎች የገቡት የጊፋታ ገበያ ደርቶ ሳለ ነው። የሐረማያ ጥሪ ከዚያ ዘግየት ስለሚል እኔ ገና ሶዶ ነበርኩ። መናኸሪያው ላይ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ በአማርኛ «እንኳን ደህና መጣችሁ»፣ በወላይትኛ «ሃሹ ሳሮ ዪዴታ» ይላል። ነባር ተማሪዎች ሻንጣ ይቀበላሉ። ያ ሲያንቀላፋ የከረመ ሕንጻ በአንድ ጊዜ ነቃ። ደረጃው ላይ ጀሪካን፣ ባልዲ፣ በማዳበሪያ የታሰረ ብርድ ልብስ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ። እናቴ በር ላይ ቆማ ቁልፍ ትሰጣለች፤ አንዳንዷን ልጅ ከእግር እስከ ራስ ታይና ለራሷ ትስቃለች። ሕልሟ ውስጥ ያየቻት ትሆን አልጠየቅኋትም፤ አንነጋገርማ።

ሦስተኛው ፎቅ የመጨረሻው ክፍልም ሞላ። ገቢዎቹ ልጆች ያን ራቁቱን የቀረ አልጋ ሻንጣ ደረደሩበት። ባየሁት ቁጥር ሁለት ልብ እሆናለሁ። ለእምቢታዬ የተዘጋጀ ወጥመድ ነው፤ ደግሞም በሕይወቴ ለእኔ ተብሎ ከተዘጋጀ ነገር ሁሉ እንደሱ በፍቅር የተዘጋጀ የለም። እናቴ በሚቀጥለው ቀን ጋሽ ሚልክያስ ጋ ልትወስደኝ እንደሆነ ለቦሼ ስትነግራት ሰምቻለሁ። እምቢ የምልበት ጉልበት ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም ነበር።

አመሻሹ ላይ፣ ሁሉም ገብቶ አልቆ፣ ዝናቡ ሲወርድ አንዲት ልጅ መጣች። ቀጭን ናት፤ ነጠላዋ ከነፀጉሯ ረጥቧል። ማኅሌት እንደምትባል፣ ከሞጣ እንደመጣች፣ መኪና ተበላሽቶባቸው መንገድ ላይ እንዳደሩ ቆማ ተናገረች። እናቴ የክፍል ቁጥሯን አየች፤ አልጋው ተይዟል። ለአንድ አልጋ ሁለት ልጅ ተመድቧል። ለጋሽ ሚልክያስ ደወለች። የምግብ አዳራሹ ጥግ ፍራሽ ተነጥፎላት ትደር፣ ነገ ይታያል አሉ።

ልጅቷ ሰማች። አላለቀሰችም። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ «እማማ» አለቻት እናቴን፣ «እናቴ እየደወለች ነው። ደርሻለሁ ልበላት ወይስ አልደረስሁም?»

ስልኩ መጥራቱን አላቆመም። ልጅቷ አነሣችው፤ አንድ ሁለት ቃል ተናገረችና «የቤቱን እመቤት አቅርቢልኝ ትላለች» ብላ ለእናቴ ሰጠቻት። እናትየዋ ስልክ ስለማታምን ትጮኻለች፤ ለሁላችንም ይሰማል።

«የቤቱ እመቤት አንቺ ነሽ?»

እናቴ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ቁልፎቹን። «እኔ ነኝ» አለች።

«እንዴት ዋልሽ እኅቴ። ልጄ ደረሰችልኝ?»

«ደርሳለች።»

«ዝናብ አለ መሰል።»

«አለ። ልብሷን አሁን ትቀይራለች።»

«በልታለች?»

«ትበላለች።»

ከዚያ እናትየዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ግን ይሰማ ነበር። «ከጎኔ ተለይታ አታውቅም። ግድግዳ ካልተጠጋች እንቅልፍ አይወስዳትም፤ እኔ ነኝ ያስለመድኋት። መሐል ቤት ካስተኛሻት እስኪነጋ ዓይኗ አይከደንም፤ እሷ ደግሞ አትናገርም። መኝታ አላት ወይ?»

የእናቴ ፊት ተለወጠ። ክረምቱን ሙሉ ስለማታውቃቸው ልጆች ስታልም ከርማለች፤ አሁን የልጅቷን እንቅልፍ የምታውቀው ሴት ከዚያ ጫፍ ሆና ትነግራታለች። ኮሪደሩ ላይ ዝናቡ ብቻ ይሰማል።

«አላት» አለች እናቴ። «አንዱ ጎኑ ግድግዳ ነው። በዚያ በኩል ደግሞ መስኮት አለው፤ ተራራ ይታያታል። ጣሪያው አያፈስም። እኔ ራሴ ተኝቼ አይቼዋለሁ።»

«አደራ የኔ እኅት።»

«አደራሽን ተቀብያለሁ።»

ስልኩን መለሰች። ከተኳረፍን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ፍራሽና ስለ መጥረጊያ ሳይሆን በስሜ ጠራችኝ።

«ቃሌ፣ ጣውላዎቹን አምጪ።»

ተሸክሜ ወጣሁ። ልጆቹ ሻንጣቸውን አነሡ። እናቴ ጣውላዎቹን አንድ በአንድ ደረደረች፤ በራስጌው ያለውን ጠመኔ በሻሿ ጫፍ ጠረገችው። አበባ ያለበትን አንሶላ ስትዘረጋው አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩላት። ልጅቷ ደረቅ ልብስ ለብሳ መጣች፤ ምንም ሳትናገር ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። ሳንወጣ እንቅልፍ ወሰዳት።

ወደ ቤት ስንሄድ ዝናቡ አባርቷል። ባጃጅ ቆሞልን ነበር፤ እናቴ «በእግራችን እንሂድ» አለች። ጭቃ እየዘለልን ሄድን። ጉሙ ከተራራው ወርዶ መብራቶቹን ሸፍኗል፤ ከተማው ውኃ ውስጥ ያለ ነው የሚመስለው። ልናገር አሰብኩ፤ አመሰግናለሁ ማለት ነበር የፈለግሁት። ግን አልጋውን የሰጠችው ለእኔ አልነበረም። እኔን ነው የሰጠችው፤ እንዲህ ላለ ነገር ምን እንደሚባል አላውቅም።

ቤታችን ልንደርስ ስንል እጄን ያዘች። መዳፏ ቀዝቅዞ ነበር።

«ሐረማያ የሴቶች ማደሪያ ያለችው ሴትዮ ማን ትባል ይሆን?»

«እኔ በምን አውቃለሁ አዬ?»

ጥቂት ሄድን።

«ምንም ብትባል» አለች። «ስትደርሺ ስልኩን መጀመሪያ ለእሷ ስጪያት።»